አንዱ ፓኬጅ ሌላውን ሲጠራ

አንድ እንግዳ ጠርተህ ስድሳ ሰው በር ላይ ቢቆምብህ ምን ታደርጋለህ? ወንድይፍራው አየለ ይህን ያልጠየቀው ተማሪ የለም። መልሱንም አይጠብቅም፤ «ስድሳዎቹም ብቻቸውን አይመጡም እኮ! እያንዳንዳቸው ዘመድ አዝማድ አስከትለው ነው!» ይልና ጠረጴዛውን በመዳፉ ይመታዋል። አዲስ ተማሪ ከሆነ፣ ሰውዬው በቅርቡ ልጅ ድሮ ሳይማረር አልቀረም ብሎ ያዝንለታል። ወንድይፍራው ግን የሚያወራው ስለ ሰርግ ሳይሆን ስለ ፓኬጅ ነው።

ፓኬጅ ሲባል ስልክ ላይ የሚሞላው አይደለም። አር የሚባል፣ የስታቲስቲክስ ሰዎች የሚጽፉበት የኮምፒዩተር ቋንቋ አለ። ቋንቋው ብቻውን ብዙ አያውቅም። ግራፍ ማሳመር፣ ካርታ መሳል ወይም ጠለቅ ያለ ስሌት መሥራት ሲያስፈልግ፣ ሌሎች ሰዎች ጽፈው በነፃ ያስቀመጧቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች ከኢንተርኔት አውርዶ መጨመር ነው። እነሱ ናቸው ፓኬጅ የሚባሉት። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ፓኬጅ ሌላው ከሌለ አይሠራም። ያኛው ደግሞ ሦስተኛው ካልመጣ ንቅንቅ አይልም። ሦስተኛው የአምናው ይቅርብኝ፣ የዘንድሮው ካልሆነ ብሎ ያኮርፋል። የዘንድሮውን ሲያመጡለት የመጀመሪያው «ይሄንን እኔ አላውቀውም» ይላል። የወንድይፍራው ዕድሜ ያለቀው እነዚህን ሲያስታርቅ ነው። ሽማግሌ ሆኜ ባልና ሚስት ባስታርቅበት ኖሮ ኮልፌ ውስጥ የሚፋታ ሰው አይኖርም ነበር ባይ ነው።

የተወለደው ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ወረድ ብሎ ነው። አባቱ ከደጀን ሲመጡ የሠሯት የጭቃ ቤት ዛሬም ቆማለች፤ ግራና ቀኟ ፎቅ ስለበቀለባት ፀሐይ የምታየው እኩለ ቀን ላይ ብቻ ነው። ሒሳብ የሚወድ ልጅ ነበር። ስታቲስቲክስ ተማረና አንድ የግብርና ምርምር መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የበቆሎና የስንዴ ምርት ሲያነጻጽር ጸጉሩ ሸበተ። ጡረታ ሲወጣ ቤት መዋል አልሆነለትም። አየር ጤና ከጋራዦቹ በላይ አንዲት ክፍል ተከራየና «የመረጃ ትንተና» የሚል ታፔላ ሰቀለ። ከታች ላሜራ ይቀጠቀጣል፤ የታክሲ ረዳቶች «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ከላይ ወንድይፍራው በማስተርስ ተማሪዎች ላይ ይጮኻል። ተማሪዎቹ አይቀየሙትም። እየጮኸ ያስረዳል፣ እያስረዳ ይሠራል፣ ሥራቸው ሳያልቅም አይለቃቸውም።

ከፓኬጅ ጭቅጭቅ የሚገላገልበት የራሱ ዘዴም ነበረው። ከዓመታት በፊት ታዲዮስ የሚባል ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስገባ ሲል፣ ኮምፒዩተሩ «አዳዲስ ቨርዥኖች መጥተዋል፤ ሁሉንም ላድስ?» ብሎ ጠየቀው። ታዲዮስ ጨዋ ልጅ ስለሆነ «አዎ» አለ። በዚያች አንዲት አዎ ሥራው ሁሉ ተበተነ። መልሶ ለመሰብሰብ ሁለቱም ፊታቸው እስኪያብጥ ደከሙ። ወንድይፍራው ያን ጊዜ ማለ። እርስ በርስ የሚስማሙ ፓኬጆችን አንድ በአንድ መርጦ አንድ ፎልደር ውስጥ ከተተ፤ ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ጫነ፤ ከዚያ ወዲያ አንዲትም አላደሰም። «የሚሠራ ነገር አይነካም» የሚለው ሕጉ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ተማሪ ሲመጣ ሰላምታው እንዳለቀ ፍላሹን ይሰካና ፎልደሩን ይገለብጥለታል። ተማሪው ለጓደኛው ይሰጣል፤ ጓደኛውም ለጓደኛው። ፎልደሩ እንደ እርሾ ከቤት ቤት ዞረ። ያንን ፎልደር ይዘው የተመረቁት ዛሬ የት የት እንደደረሱ ወንድይፍራው ሲያወራ፣ የወለዳቸው እንጂ ያስተማራቸው አይመስልም።

ክፋቱ ያልለመነው ሰው ላይም ይሰካል። ዘመድ ጥየቃ ሄዶ የዘመዱ ልጅ ላፕቶፕ ከፍታ ካያት፣ «እስቲ አርሽን ልየው» ማለቱ አይቀርም። ሚስቱ ዋጋነሽ የሆለታ ልጅ ናት፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስታስተምር ዕድሜዋን የገፋች፣ ዋሽቶ የሚያመልጣት ሰው የሌለ ሴት። ፍላሹ ከኪሱ ብቅ ሲል ገና፣ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ትለዋለች። እሱ አይሰማትም። እየረዳሁ ነው እንጂ ምን አጠፋሁ፣ ነው መልሱ።

አንድ ሰው ብቻ ፎልደሩን እንቢ አለው። እሷም የገዛ ልጁ ሃና ናት።

ሃና የሕዝብ ጤና ማስተርሷን ልትጨርስ ነበር። ጽሑፏ እናቶች የልጆቻቸውን ክትባት ለምን ከመሃል እንደሚያቋርጡ የሚያጠና ሲሆን፣ መረጃውን ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ እየዞረች ራሷ ነው የሰበሰበችው። አባቷ በደስታ ፍላሹን ሲያመጣላት፣

«አባዬ፣ ይሄ ፎልደርህ እኮ ጡረታ ወጥቷል» አለችው።

«እኔስ ጡረታ አልወጣሁም? አልሠራም?»

«ትሠራለህ። ግን እኔ የምፈልጋቸው ፓኬጆች እሱ ውስጥ የሉም። ደግሞ ለዚህ ሥራ ብቻ የራሱ ጓዳ ሠርቼለታለሁ። የትኛው ፓኬጅ፣ የትኛው ቨርዥን እንደሆነ ተመዝግቧል። ሌላ ቦታ ምንም ባድስ እዚህ ያለው አይነካም።»

«ለእያንዳንዱ ሥራ ጓዳ? እኛ ቤት ያለው ጓዳ አንድ ነው፤ ያንኑም የያዘችው እናትሽ ናት!»

ሃና ስቃ ወደ ሥራዋ ዞረች። ወንድይፍራው ግን አልሳቀም። ስንቱ ለምኖት የሚወስደውን ፎልደር ልጁ መናቋ ቆጨው። ከዚያ በኋላ በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር ስክሪኗን በጎን ያያል፤ ይተነፍሳል፤ ያልፋል።

መከላከያው ዓርብ ጠዋት ሆነ። መከላከያ ማለት ተማሪው በፈታኞች ፊት ቆሞ ጽሑፉን የሚያስረዳበት፣ የሚያልፍበት ወይም የሚወድቅበት ቀን ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ አንድ ኮሌጅ ሃናን በመምህርነት ሊቀጥራት ተስማምቶ የሚጠብቀው ይህን ዲግሪ ብቻ ነበር፤ በወሩ መጨረሻ ካላቀረበች ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። ከውጭ የተጋበዙት ፈታኝ ዶክተር ወልደ አማኑኤል ደግሞ የታወቁ ናቸው። ወረቀት አያምኑም። ተማሪውን «በል አሁን እዚሁ አስኪደው» ይሉታል። በፊታቸው ያስኬደው ቁጥር የተጠረዘው ጽሑፍ ላይ ካለው ካልገጠመ፣ ቀጥሎ ያለው ወሬ ስለሚቀጥለው ዓመት ነው።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሃና የተጠረዙትን ቅጂዎች ልታመጣ አየር ጤና ወጣች። ላፕቶፗ ምግብ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ቀርቷል። ወንድይፍራው ውኃ ሊጠጣ ሲያልፍ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ቀይ ጽሑፍ። «ይህ ፓኬጅ የተሠራው በሌላ የአር ቨርዥን ነው» ይላል። ከሥሩም ሌላ ቀይ ጽሑፍ አለ።

ይህ ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ ስሕተት አይደለም። ማስጠንቀቂያ ሥራ አያስቆምም። ይህን ልዩነት ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚያስተምረው ራሱ ወንድይፍራው ነው። ጉዳዩ የልጁ ሲሆን ግን ዕውቀቱ ጥሎት ሄደ። የታየው ነገ ጠዋት ዶክተር ወልደ አማኑኤል መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?» ሲሉ፣ ሃናም መልስ አጥታ ላብ ሲያጠምቃት ነበር። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? ወንድይፍራውም ያለችው እሷ ብቻ ናት። ዙሪያውን አየ። ዋጋነሽ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ።

ጓዳ የምትለውን ፎልደር ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። ፍላሹን ሰካ። የራሱን ፎልደር አነሣና የእሷው ላይ ገለበጠው። ኮምፒዩተሩ «በነበሩት ላይ ልተካ?» አለ። ስንት ኮምፒዩተር ይህን ጠይቆታል! ሳያስብ «ለሁሉም አዎ» አለው።

ከዚያ የሃናን ሥራ አስነሣው። ቀዩ ጽሑፍ ጠፍቷል ብሎ ሲጠብቅ ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ቀይ ሆነ። አሁን ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ ስሕተት ነው።

«ቆይ እስቲ» አለ። ከዚህ ቃል በኋላ ደህና ነገር ተከትሎ አያውቅም።

ግራፍ የሚሠራው ፓኬጅ ሌላ ፓኬጅ አዲስ ሆኖ እንዲመጣለት ጠየቀ። አወረደለት። እሱ ሲመጣ ሠንጠረዥ የሚሠራው ሞተ። ሠንጠረዡን ሊያስነሣ ሲሞክር አርላንግ የሚባለው መጣበት። አርላንግ ምን እንደሚሠራ ማንም በቅጡ አያስረዳም፤ ግን ሁሉም ያለ እሱ አንሄድም ይላሉ። አርላንግን ሊያድስ ሲል «አሁን ሥራ ላይ ስለሆንኩ መተካት አልችልም» አለው። ዘጋው። ከፈተው። አሁንም ሥራ ላይ ነኝ አለው። «ምን ሥራ አለህ? ምንም የሚሠራ ነገር በሌለበት ምን ሥራ አለህ?» ብሎ ጮኸበት። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አስነሣና እንደምንም አደሰው። አርላንግ ሲታደስ ደግሞ ደህና የነበሩት ሁለት ፓኬጆች ሞቱ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። በሰላም ኖሮ የማያውቅ ቤተ ዘመድ! አንዱን ሲያባብሉት ሌላው ያለቅሳል፤ ያንን ሲያባብሉት ሦስተኛው ቤቱን ጥሎ ይወጣል። ወንድይፍራው የፓኬጅ ጸሐፊዎችን ሁሉ ከነ አገራቸው ሰደበ።

በመሃል ላይ አንድ ጊዜ ሠራ። እፎይ ብሎ የተጠረዘውን ጽሑፍ ረቂቅ ገለጠና ዋናውን ሠንጠረዥ አስተያየ። ቁጥሩ ሌላ ነው። ብዙ አይደለም፤ ከነጥቡ በኋላ ጥቂት ቤት ብቻ ነው የተለወጠው። ሌላ ሰው ቢሆን አያስተውለውም ነበር። ወንድይፍራው ግን ደግሞ ደጋግሞ አየው። ስሕተት ቢሆን ይሻል ነበር። ስሕተት ይጮኻል፤ ይሄ ግን ዝም ብሎ ሌላ መልስ ሰጠ።

ሞቲ ጋ ደወለ። ሞቲ የድሮ ተማሪው ነው፤ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም እየኖረ፣ እንዲህ ያለውን ነገር በመጠገን የሚተዳደር ልጅ።

«ሞቲ፣ አንድ ሰው፣ እንደ ሃና ያለ ጓዳ የሠራ ሰው፣ ጓዳው ላይ ሌላ ፎልደር ቢገለበጥበት ምን ያደርጋል?»

«ጋሼ፣ ምንም ነገር እንዳይነኩ!»

«ነክቻለሁ።»

«ምኑን ነኩት?»

«ሁሉንም።»

«ወይኔ ጋሼ!» የሞቲ ድምፅ ወደ ልመና ተለወጠ። «ጓዳው ውስጥ ያሉት እኮ ፓኬጆቹ ራሳቸው አይደሉም። ወደ አንድ የጋራ መጋዘን የሚመሩ መንገዶች ናቸው። ዕቃው ያለው እዚያ ነው። እርስዎ ጓዳው ላይ ሲገለብጡ መጋዘኑ ላይ ነው የተገለበጠው።»

«ታዲያ ጓዳ ነኝ ብሎ ለምን ይዋሻል?»

«ቦታ ለመቆጠብ ነው ጋሼ። አይዞዎት፣ የቨርዥኖቹ ዝርዝር ካለ ሃና እንደገና ታወርዳቸዋለች።»

«እኔ ላውርዳቸዋ?»

«እ… እሷ ትምጣ ጋሼ። እስከዚያ እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡ።»

ስልኩን ዘጋ። ፊደል ያስቆጠረው ልጅ አርፈህ ተቀመጥ አለው። ለሞቲ የመጀመሪያዋን መስመር ያስጻፈው እሱ ነበር። ተናደደ፤ ግን ማን ላይ እንደሚናደድ አጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ መልቀሙንም ተከለከለ።

ዋጋነሽ ባዶ ሳፋዋን ይዛ ስትገባ በላብ ተጠምቆ አገኘችው። ላፕቶፑን አየች። ፍላሹን አየች። ሳፋውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ምን አደረግህ?»

«ማስጠንቀቂያ አይቼ ነው…»

«ወንድይፍራው፣ ምን አደረግህ?»

ያን ጊዜ የውጭው በር ተንኳኳ።

ሃና የተጠረዙትን ቅጂዎች ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች። ሰማያዊ ሽፋን ላይ በወርቅ ቀለም ስሟ ተጽፏል። «አያምርም?» ብላ አንዱን ለአባቷ ስትዘረጋ አልተቀበላትም። ያን ጊዜ ወደ ጠረጴዛው አየች። ቅጂዎቹን አስቀምጣ ጎንበስ አለች፤ አንድ ሁለት ነገር ጻፈች፤ የወጣውን አነበበች።

«ማነው የነካው?»

ቤት ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ የኮምፒዩተር ማብሪያውን እንኳ የማታውቅ።

«እኔ ነኝ» አለ ወንድይፍራው። «ቀይ ነገር አየሁ። ነገ እንዳትዋረጂ ብዬ…»

«ፍላሽህን ሰካህበት?»

«ለደህንነቱ ብዬ ነው ልጄ።»

ብትጮኽ ኖሮ ይጮኽባት ነበር። መጮኽ ያውቅበታል። ሃና ግን አልጮኸችም። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ዓይኖቿን ጨፍና ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ በቀስታ፣ «አባዬ፣ ከወንበሩ ተነሥልኝ» አለችው።

ተነሣ።

«ልርዳሽ?»

«አዎ። ውጭ በረንዳው ላይ ተቀመጥ።»

ሄዶ ተቀመጠ። ጎረቤት የሚሠራው ፎቅ ላይ ሲሚንቶ ማቡኪያው ይጮኻል። ወንድይፍራው ለመጀመሪያ ጊዜ ጩኸቱን አልረገመውም፤ ጆሮው ያለው ውስጥ ነው። ሃና ስልኳን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታ መጋዘኑንም ጓዳውንም ከሥሩ ነቅላ ስትጥል በመስኮቱ አያት። «እንዴ ሁሉንም?» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ኢንተርኔቱ ይሄዳል፣ ይቆማል። ሃና ከዝርዝሩ አንዱን ታወርዳለች፣ ቀጥሎ ያለውን ትጠራለች። «መጀመሪያ አርላንግን! አርላንግን አስቀድሚ!» የሚል ቃል ጉሮሮው ላይ መጣበት፤ ዋጠው። በሕይወቱ እንዲህ የከበደ ነገር ውጦ አያውቅም።

ዋጋነሽ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ይወርዳል አይደል?» አለችው።

«ላይወርድም ይችላል። አሮጌ ቨርዥን እኮ ነው፤ አንዳንዱን ተሠርቶ ያለቀውን ያነሡና ጥሬውን ብቻ ይተዋሉ። እዚሁ ቤት ካልሠሩት አይሆንም። ለዚያ ደግሞ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። አንድም ቢጎድል ቁጥሩ…» ድምፁ ተቋረጠ። «ቁጥሩ አይገጥምም፣ ዋጌ። ልጄን ገደልኳት።»

«ለምን አልጠየቅካትም?»

«ልጄ ናት እኮ!»

«ለተማሪዎችህስ ልስካ ወይ ብለህ ትጠይቃለህ?»

አሰበ። «አልጠይቅም።»

«እኮ!» አለች ዋጋነሽ፤ ሌላ አልጨመረችም። ተነሥታ ምሳው ላይ ያልጨረሰውን ሻይ አሞቀችለት። ሻዩን ይዞ ተቀመጠ እንጂ አልጠጣውም።

አንዷ ፓኬጅ እንደፈራው እንቢ አለች። ሃና ሞቲ ጋ ስትደውል ሰማ፤ «አዎ፣ እሱ ነው… አውቃለሁ… አይ፣ አልጮኽኩበትም» ስትል ሰማ። ይህች መጨረሻዋ ከሁሉ በላይ ወጋችው። ሞቲ በስልክ እየመራት መሣሪያውን አወረደች፤ ፓኬጇን ራሷ ሠራቻት። ላፕቶፑ ማቃሰት ጀመረ። ፀሐይዋ ከፎቁ ጀርባ ገባች፤ ማቡኪያው ቆመ፤ የሠርክ ደወል ከመድኃኔ ዓለም ተሰማ። ወንድይፍራው ባለበት ሆኖ አማተበ። መድኃኔ ዓለምን ስለ ፓኬጅ ለምኖ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን አርላንግን ስሙን ጠርቶ ለመነለት።

«አባዬ፣ መጥተህ እይ» አለች ሃና ከውስጥ።

እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ገባ። ሰማያዊው ቅጂ ዋናው ሠንጠረዥ ላይ ተገልጧል፤ ከጎኑ ስክሪኑ በርቷል። ሃና ጣቷን ወረቀቱ ላይ እያሳለፈች ታነባለች፤ እሱ ስክሪኑ ላይ ይከተላል። የመጀመሪያው ገጠመ። ሁለተኛውም ገጠመ። ያቺ በመሃል ሌላ መልስ የሰጠችው ቁጥር ስትደርስ ትንፋሹን ያዘ። እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ ገጠመች።

«ገጠመ» አለ። «ሃንዬ፣ እኔ…»

«እራት ብላ አባዬ» አለችው። አልተቆጣችም፤ ደክሟታል። ላፕቶፑን ዘግታ አቅፋው ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

ዓርብ ጠዋት የፈተናው ክፍል ከኋላ በዘመድና በጓደኛ ተሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ ተደርድሯል። ሃና ግራጫ ሱፏን ለብሳ ቆመች፤ ጽሑፏን ስታስረዳ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ወንድይፍራው ከዋጋነሽ ጋር መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ጨብጧል። ክፍሉ ውስጥ እንደ እሱ ያላበው ሰው አልነበረም።

ዶክተር ወልደ አማኑኤል እንደተባሉት ናቸው። ጥያቄ ጠየቁ፣ ጥያቄ ጠየቁ፤ ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «መልካም። አሁን እዚሁ አስኪጂልኝ። ሲገጥም የእናቶቹን የዕድሜ ክፍፍል ቀይሪና ደግመሽ አስኪጂው።»

ሃና አስኬደችው። ከላይ ያ ቀይ ማስጠንቀቂያ እንደ ወትሮው ወጣ። ወንድይፍራው ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሄ ቀዩስ?» አሉ ዶክተሩ።

«ማስጠንቀቂያ ነው። ውጤቱን አይነካም፤ ለምን እንደማይነካም ገጽ ሃምሳ ላይ ጽፌያለሁ።»

ዶክተሩ ገለጡ፣ አነበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጥሮቹን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። የዕድሜ ክፍፍሉ ተቀይሮ የወጣውንም አዩ።

«በጣም ጥሩ ሥራ ነው» አሉ በመጨረሻ። ወንድይፍራው ዓይኑን ገለጠ። «አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ቨርዥኑን ሁሉ ቆልፈሻል። ዝርዝሩን አባሪ አድርገሻል። አሁን ስታስረጂም የፓኬጆቹን ቅጂ ትናንት ሌላ ቦታ አስቀምጫለሁ ብለሻል። ተማሪዎቻችን ይህን ሲያደርጉ አላየሁም። ኮምፒዩተሩ የራስሽ፣ ሥራው የራስሽ። ማን ይነካብኛል ብለሽ ነው?»

ሃና ወደ መጨረሻው ረድፍ አሻግራ አየች።

«ቤት ውስጥ የሚወደኝ ሰው አለ» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ዶክተር ወልደ አማኑኤልም ሳቁ፤ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም ሳቁ። ዋጋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንቀጠቀጠች። ወንድይፍራው በመጀመሪያ ተናደደ። በሰው ፊት! በዚህ ሁሉ ዘመድ ፊት! ሊነሣም ቃጣው። ከዚያ ቃሏ ዞሮ ገባው። ወደኋላ ተቀመጠ፤ እንባው መጣ። ዋጋነሽ ሳታየው ሊጠርገው ሞከረ፤ ግን አየችው።